ጋቢ የለበሰው ሩዝ

አማቴን፣ ገና አማቴ ሳትሆን፣ ምግብ ቤቷን ያሸግኩባት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ዛሬ እስቃለሁ፤ ያን ሰሞን ግን ሳቅ የሚባል ነገር አጠገቤ አልደረሰም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከተማዋ ድሬ ዳዋ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የጤና ትምህርቴን ጨርሼ በተወለድኩባት ከተማ የምግብ ቤት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመደብኩ። ነጭ ጋዋን፣ ጥቁር መዝገብና የእጅ ባትሪ ሰጡኝ። ምላሱን ግን ከቤቴ ነው ይዤ የሄድኩት።

ሥራዬን እወደው ነበር፤ ለምን እደብቃለሁ? በየምግብ ቤቱ ሳይነግሩኝ እገባለሁ፣ የወጥ ሠሪዎቹን ጥፍር አያለሁ፣ የድስት ክዳን አንስቼ አያለሁ። ጥሬ ሥጋ በከተፈችበት መክተፊያ ላይ ቲማቲም ስትከትፍ ያገኘኋትን ሴት ቲማቲሙን ሳላስደፋ አልወጣም። ጣቱን ቆርጦት በጨርቅ የጠቀለለ ሥጋ ቆራጭ ካየሁ፣ ቁስሉ እስኪድን ሳሕን እንኳ አላስነካውም፤ ቤትህ ሂድ ነው። ወጥ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው፣ ልሰው፣ በዚያው እጅ እንጀራ የሚያነሱትን ደግሞ ሰው ፊት ነበር የማሳፍራቸው። አንዳንዱ ባለ ሻይ ቤት ገና ከሩቅ ሲያየኝ ልጁን ሳሙና ግዛ ብሎ ወደ ሱቅ ይልካል። እኔም ሳሙናው ተገዝቶ እስኪመጣ ጥላ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ዓላማው ሳሙናው መኖሩ ነው እንጂ እኔ መፈራቴ አይደለም።

ድሬ ላይ ግን ከእኔ የሚብስ ተቆጣጣሪ አለ፤ ሙቀቱ። ደጋ አገር ሁለት ቀን የሚቆይ ወጥ ድሬ ላይ ጠዋት ተሠርቶ ማታ ይኮመጥጣል። ስንማር መምህራችን "የበሰለ ምግብ ወይ ይንተክተክ ወይ ይብረድ፤ መሀል ቤት አታሳድሩት" ይሉን ነበር። ለብ ያለ ምግብ ለጀርም የተነጠፈ አልጋ ነው። ድሬ ደግሞ ራሷ፣ በተለይ በግንቦት፣ ከዳር እስከ ዳር ለብ ያለች ከተማ ናት።

አማቴ የሆነችው ሴትዮ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አምስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረቻት። አባቷ በባቡሩ ሥራ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው ድሬ ነው። ሩዝ በፍየል ሥጋ መሥራትን ከሐረሪ ጎረቤቷ ተማረች። ሄሉን፣ ቅርንፉዱንና ቀረፋውን ራሷ ቀፊራ ገበያ ወርዳ እያሸተተች ትገዛለች፤ ፍየሉንም ከጀልዴሳ በኩል ከሚያመጡት ጋር በኦሮምኛና በሶማሊኛ እየተጨቃጨቀች ትመርጣለች። የባቡሩ ሠራተኛ ግማሹ የእሷ ደንበኛ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን መዝገቤን ይዤ ስገባ "እጅሽን አሳዪኝ" አልኳት። እናቴን የምታህል ሴት ናት፤ ድሬ ግን አንቱታ ብዙም አይሆንላትም፤ ሁሉም አንተና አንቺ ነው።

"አቦ፣ መጀመሪያ ያንቺን አሳዪኝ" አለችኝ።

አሳየኋት። የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ረዝሟል፤ ሥሩም የብዕር ቀለም ገብቶበታል። ጓዳ ገብታ ምላጭ አመጣችና፣ እዚያው ደንበኞቿ ፊት፣ ጥፍሬን ከረከመችልኝ። ከዚያ በኋላ የራሷን አሥሩንም ጣት ዘርግታ አሳየችኝ። የሕፃን ጥፍር ነበር የሚመስለው። እስከ ክርኗ በሳሙና ትታጠባለች። ለሥጋው አንድ፣ ለአትክልቱ አንድ መክተፊያ አላት። የውሃ በርሜሏ ክዳን አለው፤ መቅጃው እጀታው ረጅም ስለሆነ ማንም እጁን ውሃው ውስጥ አይነክርም። እንዲህ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም ነበር። በስብሰባ ላይ ሳይቀር "እሷን እዩ!" እል ጀመር።

ልጇ ደግሞ የባቡሩ ጋራዥ ሠራተኛ ነው። ከሥራ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ይቆምና እጁን መጀመሪያ በአሸዋ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ጣት ለጣት፣ ሳይቸኩል ይታጠባል። ሌላዋ ሴት በዓይን ትያዝ ይሆናል፤ በቁመት ትያዝ ይሆናል። እኔን የያዘኝ ያ እጅ አስተጣጠብ ነው። በወር አንድ ጊዜ መጎብኘት የነበረበትን ምግብ ቤት በሳምንት ሦስት ጊዜ መጎብኘት ጀመርኩ። መዝገቡም ይህን ሁሉ ጉብኝት "ለክትትል" እያለ ይመዘግባል።

እናቲቱ ነገሩ ገብቷታል። አንድ ቀን ሻይ እየቀዳችልኝ "አንቺ የምትከታተይው ድስቱን ነው ወይስ ከድስቱ የሚበላውን?" አለችኝ። አፈርኩ። እሷ ግን ደስ ብሏት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አባቴ ሽማግሌ እንደምትልክ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። እኔም በልቤ ሠርጌን ደገስኩ፤ ቀሚሴንም መረጥኩ።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ዛሬም ሳስበው የሚያሳፍረኝ። በሌላው ቤት ያላየሁት ጥግ የለም። እዚህ ቤት ግን ከማብሰያው ጀርባ መጋረጃ የተጋረደባት አንዲት ክፍል አለች። "ምንድን ናት?" ስላት "መኝታዬ" አለችኝ። የወደፊት አማቴን መኝታ ባትሪ ይዤ ልፈትሽ? ተውኩት። "ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው" የሚባለውን እኔ ተቆጣጣሪዋ ረሳሁት።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የጋራዡ ሠራተኞች እየተደገፉ ወደ ክሊኒክ መጡ። ከአሥር ይበልጣሉ። አንዱ ያስመልሳል፣ ሌላው ሆዱን ይዞ ይንቆራጠጣል። ለማጣራት ተጠርቼ ስደርስ አግዳሚው ወንበር ላይ ፊቱ እንደ ሎሚ ልጣጭ የገረጣ ሰው ተቀምጧል። እሱ ነው! የእሷ ልጅ። ጨውና ስኳር የተበጠበጠበትን ውሃ ራሴ በማንኪያ እያጠጣሁት "ምን በላህ?" አልኩት።

"እኔ እንጃ" አለ፤ ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ።

ሌሎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። አንዱ ጠዋት ፉል በልቷል፤ አንዱ ዳቦ በሻይ፤ አንዱ ምንም አልቀመሰም። ምሳ ግን ሁሉም ሩዝ ነው፤ ሁሉም እሷ ቤት። አብረዋቸው ተቀምጠው ሽሮ የበሉት ሁለት ሰዎች እዚያው በር ላይ ቆመው ጓደኞቻቸውን ያስታምማሉ፤ አንዳች ነገር አልነካቸውም። ከዚህ ወዲያ መርማሪ አያስፈልግም።

በዚህ መሀል አንድ የቀበሌ ካድሬ መጣና ጎኔ ቆሞ "ጓዲት፣ የባቡር ሠራተኛ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲታመም አሻጥር አይመስልሽም?" አለኝ። በዚያ ዘመን ያቺ ቃል አንዴ ወረቀት ላይ ከወጣች ሰው ታስበላለች። "ሩዝ ነው፣ ጓድ" አልኩት። "ሩዝ አሻጥር አያውቅም። በሙቀት ተበላሽቷል፤ ቤቱን ዛሬውኑ አሽጋለሁ።" ከአፌ ሲወጣ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

አብዛኞቹ በማግስቱ ድነዋል፤ አምላክ ይመስገን። እኔ ግን ያኑለት ወደ እሷ ሄድኩ። ሰምታለች፤ ፊቷ ጠቁሯል። "ዓይን ነው" አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። "ትናንት አንድ የማላውቀው ሰው በር ላይ ቆሞ ድስቴን አየው፤ ወላሂ፣ ማሻአላህ እንኳ ሳይል!" ክርስቲያን ናት፤ አንገቷ ላይ ክር አለ። ግን ምግቧን ያየ ሰው ሁሉ ማሻአላህ እንዲል ትፈልጋለች፤ ድሬ እንዲህ ናት።

"የዛሬው ሩዝ መቼ ተሠራ?"

"ትናንት ከሰዓት። የተረፈውን ነው ዛሬ አሙቄ ያቀረብኩት። ሰዓት እላፊው ደንበኛዬን በጊዜ ይበትንብኛል፤ ምን ላድርግ? ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።"

"የት አሳደርሽው?"

መጋረጃውን ገለጠችው። ከአልጋዋ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር፣ አንድ ሰው የሚያህል ነገር ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። ጋቢው አባቷ ከሸዋ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ነው። ድሬ ላይ ጋቢ የሚለብስ ፍጡር የለም፤ ሩዙ ብቻ ነበር የሚለብሰው። ትልቁን ድስት ከእሳት እንዳወጣችው፣ እየጨሰ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ በፎጣ አስራ፣ ከላይ ጋቢውን ደርባ ከሰው ዓይን ትሰውረዋለች። እስከ ማግስቱ። እጄን በጋቢው ውስጥ ሰድጄ ከምሳው የተረፈውን ድስት ስነካው ልክ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ሴትዮዋ ምግቧን ስለምትወደው ነው ያበላሸችው። ያን ያህል ድስት ሩዝ ታፍኖ ሲያድር መሀሉ ሌሊቱን ሙሉ አይበርድም። የሩዝ ጀርም ደግሞ መቀቀል አይበግረውም፤ ለብ ሲልለት ይነቃል፣ መርዙን ይተፋል። መርዙ አንዴ ከወጣ በማግስቱ ቢያንተከትኩትም አይጠፋም። ይህን አስረዳኋት። ሩዙን አፍስሼ፣ ደንበኞቹን አስወጥቼ፣ ወደ መንገዱ ያለውን በር በወረቀትና በማኅተም አሸግኩት። የካድሬውን ነገር አልነገርኳትም፤ ውለታ የማስቆጥር እንዳይመስልብኝ።

"ማኅተሙ የሚነሳው የበሰለ ምግብ እንዲህ እንደማታሳድሪ ስትፈርሚ ነው" አልኳት።

"ፈርሜ ዓይን ላስበላው? አልፈርምም!" አለች። "ሽማግሌም አልልክም። ቤቴን ያሸገች ልጅ ቤቴ አትገባም።"

እንዲህ ሆንን። ማኅተሙ ካልተነሳ ሽማግሌ የለም፤ እሷ ካልፈረመች ማኅተሙ አይነሳም። ሁለታችንም ግትር ነን፤ ከሁለታችን የምትብሰዋን እስከ ዛሬ ቤተሰቡ አልወሰነም። ያ ምስኪን ገና ከሕመሙ ሳያገግም ጠዋት እናቱን፣ ማታ እኔን ይለምናል። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እውነቱን ልናገር፤ አንድ ማታ ማኅተሙን ልቀደውና ሁሉንም ልርሳው ብዬ ተነስቼ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ሆድ አቅፎ መንቆራጠጥ ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በአምስተኛው ቀን ጋዋኔን ሳልለብስ ሄድኩ። እሷ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች፤ ለማን እንደምትለቅመው እንጃ። ሥራ መፍታት አታውቅም። ስለ ጀርም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በዓይን አይታይም፣ አልኳት፤ ግን አለ፤ ይራባል።

እጇን ከሰፌዱ ላይ አንስታ ሳቀች። "አየሽ፣ አንቺም የማይታይ ነገር ታምኛለሽ፤ እኔም አምናለሁ። እኔ ዓይን አልኩ፣ አንቺ ጀርም አልሽ። ምን ለያየን ታዲያ?"

ያን ሁሉ ዓመት ስማር እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈተና ላይ መጥቶብኝ አያውቅም። ተናድጄ "እሺ እንሞክረው" አልኳት። "ዛሬ ሩዝ ሥሪ። ግማሹን አንቺ እንደልማድሽ ጋቢ አልብሺው፤ ግማሹን እኔ በሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጌ ዘርግቼ፣ ሲበርድ ከጎረቤት ቡና ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ነገ ጠዋት ስንከፍተው ያንቺው ይሸታል። ያኔ ትፈርሚያለሽ።"

"ካልሸተተስ?"

"ካልሸተተ ማኅተሙን አነሳለሁ!"

እንዴት ያለ ሞኝነት ነው! ምላሴ ከትምህርቴ ቀድማ ተናገረች። የተመረዘ ምግብ ሁሉ ይሸታል ያለኝ ማን ነው? መዝገቤ ላይ ሳይቀር በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፤ ሽታና ጣዕም አያስታውቅም ብዬ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ልጇ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ልብሱ ሰፍቶታል። ጎረቤቲቱም፣ ያቺ ሩዝ ያስተማረቻት፣ ከአጥሩ ማዶ አንገቷን አስግጋለች። መጀመሪያ የእኔ ተከፈተ። ከማቀዝቀዣው የወጣው ሩዝ የወንዝ ጠጠር መስሏል፤ አንዱ ካንዱ ተጣብቆ ደርቋል። ቀጥሎ እሷ ጋቢውን ገፈፈች፣ ፎጣውን ፈታች፣ ክዳኑን አነሳች። የሄሉና የቅርንፉዱ ሽታ ግቢውን ሞላው። ሩዙ ፍሬ ለፍሬ ተለያይቶ፣ ለስልሶ፣ ፈክቶ ጠበቀን።

"ማሻአላህ!" አለች ጎረቤቲቱ ከአጥሩ በላይ።

የወደፊት አማቴ በእኔም በሩዜም ሳቀች፤ በክፋት ግን አልነበረም። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም፣ ይገርማችኋል፣ በንዴቴ መሀል ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ በቀኝ እጇ ሩዙን ከሥጋው ጋር ጠቅለል አደረገችና ወደ አፌ አመጣችው።

"በይ ጉረሺ፣ የኔ ልጅ። አብሽሪ። ይህን ጎረሽ ማለት ታረቅን፤ ነገውኑ ሽማግሌ እልካለሁ።"

አማት የምትሆን ሴት ያቀረበችውን ጉርሻ መመለስ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፊት ላይ ምራቅ ከመትፋት አይተናነስም። አንድ ጉርሻ ነው። ምናልባት ምንም አያደርገኝም፤ ምናልባት አንድ ቀን ያስመልሰኛል። አንድ ቀን አስመልሼ ዕድሜ ልኬን ባል ባገኝ ምን አለበት? አፌን ልከፍት ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ከበላሁት ልክ ነሽ ማለቴ ነው፤ ነገ በሩ ይከፈታል፤ ጋቢውም ሥራውን ይቀጥላል።

"አልበላም" አልኳት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። "ምን አልሽ?"

"አልበላም፣ እማማ። አልሸተተም፤ ግን ደህና ነው ካልሽ ለእሱ ስጪው።" ልጇን አሳየኋት። "ገና በቅጡ እንኳ አላገገመም። መጀመሪያ እሱን አጉርሺው።"

እሷ ወደ ልጇ ዞረች። "ወሪያ፣ አንተ ልጅ፣ ና" አለችው በቁጣ።

እሱም መጣ። ከእናቱ እጅ እምቢ ብሎ የማያውቅ ልጅ ነው፤ ፊቷ በርከክ ብሎ፣ ያን የሚያህል ቁመና ይዞ፣ ልክ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተላት። ዓይኑንም ጨፈነ። በክሊኒኩ አግዳሚ ላይ የነበረው ግርጣት ገና ከፊቱ አልለቀቀም ነበር።

እጇ ወደ አፉ ሄደ፤ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። አየችው። እኔን አየችኝ። እንደገና እሱን አየችው። ሩዙ ከጣቶቿ መሀል ፍሬ በፍሬ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። እሱ አፉን እንደከፈተ ነው።

"ዝጋው፣ ዝጋው" አለች ቀስ ብላ። የቀረውን ወደ ድስቱ መለሰችና ድስቱን እንዳለ ብድግ አድርጋ ቆሻሻ መጣያው ጉድጓድ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ቧንቧው ሥር ሄዳ እጇን ስትታጠብ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማንም ዝም በይ አላላትም፤ አለቀሰችና ወጣላት።

ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ነገር ግን ያው እሷው ናት። "ታዲያ ዓይኑን ምን ላድርገው?" አለችኝ። "ይኸውልሽ፣ ያንቺን ጀርም ተቀበልኩ፤ አንቺም የእኔን ተቀበዪኝ።"

ተቀመጥንና እንደ ሁለት ነጋዴ ተደራደርን። እኔ ምግብ ለምሳም ለማታም ለየብቻው፣ ጥቂት ጥቂት ተደርጎ ይሠራ አልኩ። የቀረበው እስኪያልቅ ከሰሉ ላይ ሆኖ ይንተክተክ፤ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ የተረፈውን ትኩሱን ለጎረቤት መስጠት ነው፤ ማደር የለም። እሷ ትንሽ አሰበችና በራሷ መንገድ ፈታችው። "ልክ ነው" አለች ከልቧ አምናበት። "ዓይን የሚስበው ትልቅ ድስት ነው። ትንሽ ድስት ማን ያየዋል?" ተከራክሬ ላበላሸው? ለማብሰያው ሌላ መጋረጃ እንድትሰቅል ፈቀድኩላት፤ ጨርቁ በየሳምንቱ ይታጠባል ብዬ መዝገብ ላይ አሰፈርኩ። እሷም በመሠረተ ትምህርት የተማረቻትን ስሟን፣ ፊደል በፊደል፣ ምላሷን እየነከሰች ጽፋ ፈረመች። ማኅተሙን በዚያው ሰዓት ቀደድኩት።

ስለ ሽማግሌ ግን ማንም አላነሳም። እኔም አልጠየቅኩም። ጉርሻዋን መልሻለሁ፤ ልጇን አስይዤ አስለቅሻታለሁ። ከዚያ በኋላ ለጉብኝት ስሄድ በአክብሮት ትቀበለኛለች፤ ትናንሽ ድስቶቿን ከፍታ ታሳየኛለች፤ ሻይ ግን እንደ ድሮው ቁጭ ብላ አትቀዳልኝም። እሱም "እኔ እንጃ፣ እናቴ ዝም ብላለች" ይለኛል። አልቋል ብዬ ደመደምኩ። ሥራዬን በትክክል ሠርቼ ባሌን አጣሁ፤ ይህን እያልኩ በየሻይ ቤቱ ከድሮው የባስኩ ቁጡ ሆንኩ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን ሦስት ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች የአባቴን በር አንኳኩ። እናቴ ክንዴን ይዛ ጓዳ ከተተችኝ። ከበሩ ጀርባ ጆሮዬን ለጠፍኩ። አባቴ ተቀመጡ ይላቸዋል፤ እነሱ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ይላሉ፤ የሚባለው ሁሉ ተባለ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የልጁ እናት የላከችን ቃል አለ። ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ተናገሩ ብላ አስምላናለች።"

"ምን አለች?" አለ አባቴ።

"እጄን እምቢ ያለችኝን ልጅ ስጡኝ፣ ነው ያለችው።"

አባቴ ደነገጠ፤ ስለ ጉርሻው ማንም አልነገረውም ነበር። "የኔ ልጅ ነች እጇን እምቢ ያለቻት? ለስድብ ነው የመጣችሁት?"

"ኧረ አይደለም። 'እኔን ደስ ለማሰኘት ብላ በልታልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ነገ ልጄንም ሰው ደስ ይበለው ብላ ታበላዋለች። ከእኔ በኋላ ለልጄ አፍ የማምነው እሷን ብቻ ነው' ብላለች።"

ጓዳ ውስጥ ቆሜ እንባዬ እየወረደ፣ እየሳቅኩ፣ እናቴ ዝም በይ እያለች ትቆነጥጠኛለች። ወጉ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ የሴት ወገን በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጥም። ዘመድ አማክረን እናሳውቃለን ይባላል፣ ሽማግሌዎቹም ይመላለሳሉ፣ ልጅቱም የሰማች አትመስልም። አባቴ ድምፁን አክብዶ "እንግዲህ፣ ዘመድ አዝማድ አማክረን..." ብሎ ሲጀምር በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

"እሺ በላቸው፣ አባባ!" አልኩ።